አራተኛው ነጥብ

ኖንግ ቱዋን ከቤቱ የወጣው በአሥራ ሁለተኛው የጨረቃ ወር፣ በስምንተኛው ቀን ነው። ወይስ በሰባተኛው ነበር? ሚስቱ ሊየን ሰባት ነው ትላለች፤ ስንቁን ሞተሩ ላይ ያሰረችለት እሷ ናትና ቃሏን መጣል ይከብዳል። ነገር ግን በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ቻ ሊን ገበያ ላይ ላስቲኩን ዘርግቶ ቢላዎቹን ሲደረድር ብዙ ሰው አይቶታል፤ ከመንደሩ ከፉክ ሴን እስከ ቻ ሊን ደግሞ በሞተር ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። ታዲያ አንዷን ቀን የት ዋላት? ስምንት ቢሆን ይሻላል። ለነገሩ ያ ዓመት ብርዱ የእርሻ ጎሾችን በየበረቱ የፈጀበት ዓመት ነበር። ሰው የሚቆጥረው የሞተ ጎሽ እንጂ ቀን አልነበረም።

ቱዋን ያኔ አርባ ዓመቱ ነው። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ቅንድቡን የምድጃ ብልጭታ የጨረሰው ሰው። የፉክ ሴን ሰው ሁሉ ብረት ይቀጠቅጣል፤ የቱዋን ቤት ቢላ ግን በስሙ ይጠራ ነበር። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ፣ ግሎ፣ ተቀጥቅጦ፣ በውሃ ተነክሮ የሚወጣ ቢላ ነው። አዲስ ዓመት ሲቃረብ በየገጠሩ አሳማ የማያርድ ቤት የለምና፣ ቱዋን በየዓመቱ የአሥራ ሁለተኛውን ወር በመንገድ ላይ ያሳልፋል። አባቱ በፈረስ ይዞረው የነበረውን መንገድ እሱ በአሮጌ የራሺያ ሞተር ይዞረዋል። ሁልጊዜ ብቻውን ነው። ሞተሩ ወይ ሁለተኛ ሰው ይጭናል ወይ ቢላ ይጭናል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። ጭሱና ጩኸቱ ከሰውየው ቀድሞ ስለሚደርስ፣ በየከተማው ያሉ ሴቶች ሳያዩት «የቢላው ሰው መጣ» ይባባላሉ።

በእያንዳንዱ ቢላ ላይ፣ ከእጀታው ሥር፣ ምልክት አለ። ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ከጨረቃዋ ሥር ነጥቦች አሉ። የቱዋን ቅድመ አያት ጨረቃዋንና አንድ ነጥብ ብቻ ነበር የሚመታው። አያቱ ሁለት አደረጋት። አባቱ ሦስት። እያንዳንዱ አባት ልጁ ለመዶሻው መብቃቱን ሲያምን፣ የብረት ማህተሙ ላይ አንድ ነጥብ በገዛ እጁ ይጨምራል። የቱዋን አባት ለዚህ ነገር ቸኩሎ አያውቅም። ልጁ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ እሱ ራሱ ከአልጋ መነሳት አቅቶት፣ አንድ ቀን መሮና ትንሿን መዶሻ አምጡልኝ አለ። ትራስ ደግፈው አስቀመጡት። ሌላ ሰው በአንድ ምት የሚጨርሰውን ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ ማህተሙን ለቱዋን አሳየውና በጥፍሩ አራተኛዋን ነጥብ ነካ።

«ይቺ አንተ ነህ» አለው።

በሳምንቱ ሞተ። የሁለተኛው ወር መባቻ ነበር፤ በአዲሱ ማህተም አንድም ቢላ ገና አልተመታም።

በዚያ ቤት ደንብ፣ ብረት ሠሪ ሲሞት ምድጃው መቶ ቀን ይቀዘቅዛል። ማህተሙም እሳቱ በጠፋ ቤት አያድርም፤ የሥጋ ልጅም በእነዚያ ቀናት አይነካውም። ታዲያ ማን ይያዘው? ለዚህ ቶንግ አለ። ቶንግ ማለት በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሰዎች ከአንድ ጽዋ ጠጥተው የሚማማሉት ወንድምነት ነው። ከዚያ በኋላ የአንዱ እናትና አባት የሌላውም ናቸው፤ ሲሞቱም እኩል ነጭ ጨርቅ በራስ ላይ ይታሰራል። የቱዋን ቶንግ ላ ኪየት ይባላል፤ ከባኦ ላክ በላይ ና ሉንግ የምትባል መንደር ነው የሚኖረው። በሃያ ዓመታቸው መንገድ ሥራ ላይ አብረው ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። አንድ ቀን ገደሉ ተንዶ ኪየት ሥር ቀረ፤ ቱዋን በእጁ ቆፍሮ አወጣው። ኪየት የተረፈው ከግራ ጆሮው ጫፍ በቀር ሙሉ ሆኖ ነው። በወሩ ተማማሉ። የኪየት እናት ዶሮ አርዳ፣ ሁለቱንም ግራና ቀኝ አስቀምጣ፣ «አንድ ወልጄ ሁለት ሆነልኝ፤ ምጥ እንኳ ሳይጨመርብኝ» ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀች።

በቱዋን አባት ቀብር ኪየት ነጭ አስሮ ከሬሳ ሳጥኑ ፊት በጉልበቱ ሄዷል። ቱዋንም ማህተሙን በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ብረቱን ለማንም አይሰጥም፤ ሳጥን ውስጥ ይቆልፈዋል። እነዚያ ሰዎች ግን እንዲህ አያደርጉም። በመቶኛው ቀን ኪየት መለሰለት። ቱዋን ያን ዕለት አንድ ነገር ልብ ብሏል፤ ቀዩ ጨርቅ እሱ ከሰጠው ይልቅ አዲስ ነበር።

«አይጥ በላብኝ» አለ ኪየት። «ሌላ ገዛሁለት።»

ቱዋን አመሰገነው።

ቻ ሊን ገበያ ላይ ገና ላስቲኩን ዘርግቶ ሳይጨርስ፣ አሳማ ሻጯ እትዬ ንጋ ሽርጧን እንደታጠቀች መጥታ ከፊቱ ቆመች። ለሃያ ዓመት ደንበኛቸው ናት።

«መጣህ?»

«መጣሁ እትዬ ንጋ። ዘንድሮ ስንት አሳማ ጣልሽ?»

«አሳማውን ተወው። እኔን ጥለኸኛል።»

ከሽርጧ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ላስቲኩ ላይ አስቀመጠችለት። ለሁለት የተሰበረ ቢላ ነው።

«ያባትህ ቢላ የአሳማ ጉልበት ሰንጥቆ ገና እንጀምር ይል ነበር። ይሄ በዳክዬ አንገት ላይ ተሰበረ። በዳክዬ፣ ቱዋን። አማቴ ቁጭ ብላ እያየች።»

አጠገባቸው ዝንጅብል የሚሸጥ ሰው ሳቀ። «ምናልባት ዳክዬዋ ባሌስትራ የበላች ናት» አለ።

«አንተ ዝንጅብልህን ሽጥ።»

ቱዋን ስብርባሪውን አነሳ። ከማየቱ በፊት እጁ አወቀው፤ ቀሎበታል። ባሌስትራ አይደለም። ከላሜራ ተቆርጦ በማሽን የተሳለ ነገር ነው፤ መዶሻ የሚባል ነገር አልነካውም። ቀጥሎ ጨረቃዋን አየ። ከሥሯ ያሉትን ነጥቦች በአውራ ጣቱ ዳበሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«መቼ ነው የገዛሽው?»

«በሦስተኛው ወር መባቻ። እህቴ ናት ከኑኦክ ሃይ ገበያ ያመጣችልኝ።»

«በስድስተኛው ወር እንዳይሆን? አስቢ እስቲ።»

«እንደየዓመቱ የባሌን መቃብር ልንጠርግ ሁለት ቀን ሲቀረን እያልኩህ። ዳክዬዋን የማርደው ለሱ ነው። ባሌ ስንቴ ሞቶ ነው ቀኑ የሚጠፋኝ?»

በሦስተኛው ወር የእሱ ምድጃ አመድ ነበር። በሦስተኛው ወር አራተኛዋ ነጥብ በዓለም ላይ ያለችው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በቀይ ጨርቅ ውስጥ፣ በኪየት ቤት። እሱ ራሱ ነጥቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ብረት ላይ የመታው በስድስተኛው ወር ነው። ያን ቀን አባቱን እያሰበ፣ ገና ማንም ያላያትን ነጥብ የሚመታ መስሎት ነበር።

ከደረደራቸው ቢላዎች መካከል ወፍራሙን መርጦ ለእትዬ ንጋ ሰጣት። ስብርባሪውን ጠየቃት።

«ምን ሊረባህ?»

«ስጪኝ።»

«ታመሃል እንዴ ቱዋን? ፊትህ አመድ መሰለ። ሂድ ትኩስ ነገር ብላ።»

በአጥንት መረቅ የሚነከረውን የሩዝ ጥቅልል ገዝቶ ተቀመጠ። መረቁ ፊቱ ላይ እየተነነ ቀዘቀዘ። በዚያ ቀን ገበያ ሦስት ሌሎች ሰዎች የተሰበረ ቢላ ይዘው መጡ። ለሦስቱም ቀየረላቸው። ከመጡት አንዱ ጎረምሳ «የሞተው አባትህ ነበር ለካ የሚሠራው፣ አንተ የምትሸጠው ብቻ ነህ» ብሎት ሄደ። ቱዋን ምን ብሎ ይመልስለታል? በዚያ ብረት ላይ የተመታው እኮ የእሱ ነጥብ ነው፣ የአባቱ አይደለም።

ኑኦክ ሃይ ቁጥሩ በአንድና በስድስት በሚያልቅ ቀን ይገበያያል። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት እዚያ ደረሰ። ላስቲኩን አልዘረጋም። ሞተሩን ዳክዬ ጠባሹ አባባ ሲን ምድጃ አጠገብ አቁሞ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ እሳቱ ላይ እጁን ዘረጋ። አባባ ሲንና ሚስቱ ገበያውን ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዚያች ጥግ ሲያዩት ኖረዋል።

«አባባ፣ በሦስተኛው ወር እዚህ ቢላ የሚሸጥ ሰው ነበር?»

«ነበር እንጂ። ወንድምህ ነዋ።»

«ወንድም የለኝም።»

«እንዴት የለህም? ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ። ‹አባቴ ብረት ሠሪው ሞተብኝ፤ እጁ የነካው የመጨረሻው ቢላ ይሄ ነው፤ ሸጬ መቃብሩን ላሠራለት ነው› ሲል ገበያውን አስለቀሰው። እኔ ራሴ ሦስት ገዛሁ። ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም። እኔ ሲን፣ ሳልከራከር። ጠይቅ ገበያውን።»

«እውነቱን ነው» አለች ሚስቱ ዳክዬውን እያገላበጠች። «የኔን ጥሎሽ ሲሰጥ እንኳ ተከራክሯል።»

ቱዋን ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ።

«ረጅም ነው። ደግ ሰው ይመስላል።» አባባ ሲን ትንሽ አሰበ። ከዚያ በቅባት የወዛ ጣቱን ወደ ግራ ጆሮው ወስዶ ጫፉን ቆንጠጥ አደረገ። «እዚህ ጋ የለውም።»

ከዳክዬው ቅባት ተንጠባጥቦ እሳቱ ጨሰ። አሮጊቷ የቱዋንን ፊት አየችና ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። አባባ ሲን ግን አልገባውም፤ ቀጠለ።

«ቢላዎቹ እንኳ አልበጁም። ሁለቱ ተሰበሩ። ግን ለሚስቴ ምን አልኳት? ሰውየው ሲሞት እጁ ደክሞ ነበር፣ ይቅር አልኳት። የሞተ ሰው ሥራ አይወቀስም።»

«ያባቴ እጅ አይደለም» አለ ቱዋን። ድምፁ እንደወትሮው ነበር። «ሦስቱንም አምጣልኝ። ሌላ እሰጥሃለሁ።»

ሦስት ቢላ ቆጥሮ ሰጠው፤ ያልተሰበረውንም ጭምር ወሰደ። ጆንያው ውስጥ ሲጥላቸው የላሜራ ድምፅ አሰሙ። አሮጊቷ የዳክዬ ጭን በቅጠል ጠቅልላ በግድ ኪሱ ከተተችለት። «ልጄ፣ ተቆጥተህ ሞተር አትንዳ» አለችው። እሱ ግን ነዳ።

ከኑኦክ ሃይ ወደ ባኦ ላክ ያለው መንገድ ተራራ ለተራራ ነው። ያን ሰሞን ጉሙ ከአስፋልቱ አልተነሳም። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሣሩ ሁሉ በበረዶ ተለብጦ እንደ ጠርሙስ ሆነ፤ ነፋስ ሲነካው ይንኳኳል። ቱዋን ጋዜጣ ደረቱ ላይ አነባብሮ፣ በላዩ የኪየት እናት ጨርቁን ራሷ ቀለም ነክራ የሰፋችለትን ጥጥ የተሞላ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሶ፣ በዚያ ላይ የዝናብ ልብሱን ደርቦ ነው የሚነዳው። ኮቱን የሰጠችው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። «አንተ የመንገድ ሰው ነህ፤ ኪየት እንደሆነ ከምድጃ አይርቅም» ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብርድ ወራት ሌላ ኮት ለብሶ አያውቅም። በየኩርባው ወገቡ ላይ የሚሞቀው የዚያ ጥጥ ሙቀት አሁን አናደደው። አውልቆ ገደል ሊጥለው አሰበ፤ ግን ብርዱ አላስጣለውም። ሴትዮዋስ ምን አጠፋች?

ጣቶቹ ሲደነዝዙ እየቆመ ጓንቱን ሞተሩ ላይ ያሞቃል። ካንዴላው ሁለት ጊዜ ረጠበ፤ ሁለት ጊዜ ፈትቶ በእጅጌው አሸው። በዚያ ሁሉ መንገድ ለኪየት ሰበብ ሲፈልግ ሄደ። ሰው ሰርቆት ይሆናል፤ አንድ ነጋዴ ቤቱ አድሮ ማህተሙን ቀርጾበት ይሆናል። ጆሮ የሌለው ሌላ ረጅም ሰውም አይጠፋ ይሆናል። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ሰበቡ ይፈርሳል፤ አዲስ ይሠራል። የማይፈርሰው ነጩ ጨርቅ ነው። ቢላውን ለችግሩ ሸጠ እንበል። ሐዘኑን ግን እንዴት ይሸጣል? አባቴን እንዴት ይሸጣል? በዚያ ሰሞን ቱዋን ቀዝቃዛ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ሥራ ፈትቶ፣ ሊየን ሩዝ ከጎረቤት እየተበደረች፣ «መቶ ቀኑን የምንጠብቀው ሁለታችን ነን፣ እኔ እዚህ እሱ እዚያ» እያለ ይጽናና ነበር። የሚያሳፍረው ይሄ ነበር፤ መጽናናቱ።

ቲን ቱክ ላይ ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት ጉሙ ውስጥ ቆማ ጠየቀችው።

«በዚህ ብርድ ወዴት ነው ጋሼ? የባኦ ላክ ገበያ እኮ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው።»

«ወደ ወንድሜ» አለ። አፉ ለምዶበት ነው። ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

ስልኩ ከኑኦክ ሃይ ከወጣ ጀምሮ ብርዱ ባትሪውን ጨርሶበት ጠፍቷል። እሱም አልፈለገውም። የሚናገረውን በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት መናገር ነው የፈለገው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ ነጩን አስረህ ነው ወይ የሸጥከው? ነው ካለ፣ በጽዋው የተማማሉትን መሐላ ሊመልስለት ቆርጧል። የአንዱ እናት የሌላው እናት መሆኗ እዚያ ላይ ያበቃል።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ና ሉንግ ደረሰ። መንደሩ ገና ሳይታየው ከበሮ ሰማ። አዝጋሚ ምት ነው፣ ትርጉሙን ማንም የማይስተው። ከኪየት ቤት ደጅ ሰው ሞልቷል። ሞተሩ ሲቆም ሁሉም ዞሮ አየውና መንገድ ከፈቱለት። የኪየት ሚስት ዙየን እየሮጠች መጣች።

«ወንድም ቱዋን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ደወልንልህ። ሊየን መንገድ ላይ ነው አለችን። እማማ ከትናንት ወዲያ አረፉ። ‹ሁለቱ ልጆቼ ሳይቆሙ እንዳትከድኑኝ› ብለው ነው የሞቱት። ሳጥኑ ክፍት ነው፤ አንተን ነው የምንጠብቀው።»

ክንዷ ላይ የተጣጠፈ ነጭ ጨርቅ ነበር። ለእሱ ተቆርጦ፣ በልኩ ተቀዶ የተዘጋጀ። አስቀድማ ዘረጋችለት።

ቱዋን ጆንያውን በአንድ እጁ እንደያዘ ቆመ። ሰው ሁሉ የሚያየው በድንጋጤ የፈዘዘ ልጅ ነው። የመንደሩ መምህር ሎክ ብቻ ሌላ ነገር አየ። እሱ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ይዞ የልቅሶውን ጽሑፍ ይጽፍ ነበር፤ በና ሉንግ ሰው ሲሞት የሐዘንተኞቹን ስም የሚጽፈውና ለመቃብር ድንጋዩም ጽሑፍ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ቱዋን ጨርቁን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ መልሶ ሲሰበስበው አየው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ነው። በሦስተኛው ተቀበለ። ዙየን ከኋላው ዞራ አሰረችለት።

ወደ ውስጥ ገባ። ኪየት ከሳጥኑ ራስጌ በጉልበቱ ነበር። ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አለ፤ ይሄኛው የእውነት ነው። ቀና ብሎ ቱዋንን ሲያይ ፊቱ ላይ በአንድ ጊዜ ፍርሃትም ደስታም ታየ።

«ቶንግ፣ መጣህ።»

«እናቴ ሞታ የት ልሄድ?» አለ ቱዋን። ከጎኑ ተንበረከከና ሴትዮዋን አያት። ትንሽ ሆናለች። እጆቿ ላይ የጥቁር ሰማያዊው ቀለም እስከ ክርኗ አልለቀቀም። ያኔ አለቀሰ፤ ለማን እንደሚያለቅስ ሳይለይ።

ከበሮው ፋታ ሲወስድ ኪየት ጠጋ አለው።

«ቶንግ፣ አንድ ነገር ልነግርህ እፈልግ ነበር። ከረጅም ጊዜ…»

«ሳጥኑ ክፍት ነው» አለው ቱዋን፣ ወደ እሱ ሳይዞር። «ትሰማለች።»

ክዳኑ ሲገጠም ሁለቱ በሁለት ጫፍ ያዙት። በማግስቱ ጠዋት ሲቀብሯትም ከፊት ቀኝና ግራ ሆነው ትከሻ ለትከሻ ተሸከሙ። መንገዱ ጭቃና በረዶ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ኪየት እግሩ ከዳው፤ ቱዋን በነጻ እጁ ክንዱን ያዘው። የሚያይ ሁሉ ይሄ ነው ቶንግ ማለት አለ። አንዲት አሮጊት ወደ ልጇ ዞራ፣ «አየህ? አንተ የተማማልከው ከስልክህ ጋር ነው» አለችው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ሞተሩን ጫነ። ባኦ ላክ ገበያ ያን ዕለት ነበር፤ የቢላ ንግዱ የሚሞቀው በዚያ ገበያ ነው፤ እሱ ግን አላሰበውም። መምህር ሎክ ወረቀትና ብሩሽ ይዞ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የመቃብሩን ድንጋይ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ያንኑ ቀን በገበያተኛ እጅ ለጠራቢው መላክ አለበት። የሟች ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ «ልጇ ላ ኪየት» ተጽፏል። ቀጣዩ መስመር ለመሐላ ልጇ ነው። ብሩሹን ሊነክር ሲል፣ በተከፈተው በር ውስጥ የሚሆነውን አየና እጁ ቆመ።

ቱዋን ጆንያውን ምግብ የሚበሉበት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስብርባሪዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ይደረድር ነበር። ምልክቱን ወደ ላይ እያደረገ ነው። ሲጨርስ ጠረጴዛው በጨረቃ ተሞላ። ከደረት ኪሱ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን ማህተም አወጣ፤ ጨርቁን ፈታው፤ ማህተሙን መልሶ ኪሱ ከተተ። ቀዩን ጨርቅ ከስብርባሪዎቹ አጠገብ አስተካክሎ አጥፎ አስቀመጠው።

ዙየን ከጓዳ ወጥታ ጠረጴዛውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ተመልሳ ገባች። የሆነውን ታውቅ ኖሯል፤ አልጠየቀችም።

«መጀመሪያ አንድ ገበያ ብቻ ነበር ያሰብኩት» አለ ኪየት። «ከወንዙ ማዶ ያለው ሰውዬ ነው ባዶውን ቢላ የሚያመጣው። ምልክት ብቻ ነው የሚጎድለው አለኝ። እማማ ደግሞ ያኔ…»

«እናቴን አትጥራ።»

«ቶንግ…»

«ነጩን አስረህ ነው?»

የኪየት እጅ ሳያውቀው ወደ ግራ ጆሮው ሄደ፤ የሌለውን ጫፍ ዳበሰ። ቱዋን ያን እጅ አየው። ሃያ ዓመት ሙሉ ኪየት ሲያፍር፣ ሲሸነፍ፣ ቁማር ሲበላ እንዲህ ነው የሚያደርገው። መልሱን አግኝቷል። ከአፉ ግን መስማት ነበር የፈለገው፤ ትንሽ ጠበቀ። ደጅ ላይ ዶሮዎቹ የወደቀውን የልቅሶ ሩዝ ይለቅማሉ። ኪየት መሬት መሬት እያየ ቀረ።

ቱዋን ወጣ። በረንዳው ላይ መምህር ሎክን ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። መምህሩ ወረቀቱን ይዞ ግማሽ ተነስቶ ነበር።

«ወንድሜ ቱዋን…»

ቱዋን አልሰማም ይሆናል፤ ሄልሜቱን እየጫነ ነበር። ነጩን ጨርቅ አልፈታውም። ሄልሜቱ ከላይ አረፈበት፤ ሁለቱ ጫፎች በጀርባው፣ ሴትዮዋ በሰፋችው ጥቁር ሰማያዊ ኮት ላይ ወረዱ። ሞተሩን በእግሩ መታ። አንድ ጊዜ እንቢ አለ፤ ሁለተኛ፤ በሦስተኛው ተነሳ፣ ግቢውም በጭስ ተሞላ።

መምህር ሎክ ደረጃውን ሲወርድ ጫማው በጭቃው ተያዘ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስምህን ድንጋዩ ላይ ልጻፈው ወይስ ልተወው? ጨርቁን ያየ ጻፈው ይላል፤ ጠረጴዛውን ያየ ተወው ይላል። ድንጋይ ደግሞ አንዴ ከተጠረበ አይፋቅም። አጥሩ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ቁልቁለቱን ጀምሮ ነበር። ሁለቱ ነጭ ጫፎች ጉሙ ውስጥ ጥቂት ታዩ፤ ከዚያ ጩኸቱ ብቻ ቀረ፤ እሱም ከታችኛው ኩርባ በኋላ ጠፋ። ወደ ባኦ ላክ ገበያ ይሁን ወደ ቤቱ፣ ከድምፁ አይለይም ነበር።

መምህሩ ወረቀቱን እንደያዘ ቆመ። ብሩሹ ላይ ያለው ቀለም በብርዱ መርጋት ጀምሯል።